የዜማን ባለቤት ይጠሩ የነበሩት ጋሽ ዋሴ

አቶ ዋሴ አዳነ አርፈዋል። ያረፉት እሑድ ጠዋት በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ወደ ሥራ የሚወስዳቸውን አውቶቡስ በሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። እሑድ ጠዋት ጣቢያው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ወታደሮች ከነጓዛቸው ወደየሰፈራቸው የሚመለሱበት ሰዓት ስለሆነ እግር ማሳረፊያ አይገኝም። ሰው ሁሉ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት አለፋቸው። አንዱ ወታደር ቦርሳውን እግራቸው ላይ አስደግፎ ሳንድዊች ሊገዛ ሄደ ተብሏል። የሚሳፈሩበት አውቶቡስ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ሄደ። በመጨረሻ ቀርባ ያናገረቻቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከወንበሩ ሥር ልትጠርግ ፈልጋ እግራቸውን እንዲያነሡላት ብትለምናቸው መልስ አጣች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው።

በሰባቱ የለቅሶ ቀናት ብዙ ሰው ተነሥቶ ተናገረ። ትጉህ ሠራተኛ ነበሩ ተባለ። ሰው የማያስቀይሙ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ ተባለ። ሙዚቃ የምትለዋን ቃል ግን አንድም ሰው አላነሣትም። የሟችን ገመና መግለጥ ነውር ነው ብላችሁ እንደተዋችሁት ይገባኛል። እኔ ያልጋነሽ ነኝ፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ያኤል በሚለው የመድረክ ስሜ ነው። ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጬ እኔም እንደ እናንተ ዝም አልኩ። የእናንተ ዝምታ ከደግነት ነው። የእኔ ከፍርሃት ነበር። ሠላሳ ቀናቸው ሳይሞላ ይህን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ጋሽ ዋሴ ተወልደው ያደጉት በጎንደር ገጠር ነው። በጎረምሳነታቸው አዲስ አበባ ገብተው በሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠሩ፤ ኖታ ማንበብ የተማሩትም፣ ክላርኔት የጨበጡትም እዚያ ነው። ቀን ማርሽ ይነፋሉ፤ ግብዣ ሲኖር ለዳንስ ይጫወታሉ። ጓደኞቻቸው ዕረፍት ሲወጡ እሳቸው ከክፍሉ መደርደሪያ የሲምፎኒ ኖታ እያወረዱ በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተጭነን በመጣንበት ጊዜ ብዙ ዕቃ መያዝ ስላልተፈቀደ ክላርኔቱን ፈታተው አንዱን ቁራጭ ራሳቸው፣ አንዱን ሚስታቸው፣ የሚነፋበትን አፉን ደግሞ ሕፃኗ ልጃቸው ትርንጎ በልብሳቸው ውስጥ ይዘው ገቡ። ሚስታቸው እዚህ በደረሱ በሦስተኛው ዓመት ዐረፉ።

እዚህ አገር ሥራ ሊመዘገቡ ሲሄዱ ጸሐፊዋ ሙያቸውን ጠየቀቻቸው። ሙዚቀኛ ነኝ አሉ። እሷም ቀና ብላ አየቻቸውና «የሚዘፍን ሞልቶናል፤ ያጣነው የሚጠብቅ ነው» አለቻቸው። በዚሁ ሾሜር ሆኑ፤ ዘበኛ ማለት ነው። መሀል አፉላ በሚገኝ አንድ የገበያ ማዕከል በር ላይ ቆመው የገቢውን ሁሉ ቦርሳ ይፈትሹ ጀመር።

እኔ በዚያው ገበያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። የመቀመጫዬ ፊት ወደ በሩ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አያቸዋለሁ። ሥራቸውን የሚሠሩት እንደ ሥርዓት ነበር። ቦርሳ ሲከፈትላቸው እጃቸውን አይሰዱም፤ ጎንበስ ብለው አይተው «ይለፉ» ይላሉ። ዕቃ የከበዳቸውን አሮጊቶች ጓደኛቸውን በር አስይዘው እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ያደርሳሉ፤ ለዚህም በአለቃቸው ተቆጥተዋል። ሰው በሌለበት ሰዓት ደግሞ ከጉሮሯቸው አንድ ዜማ አይጠፋም። እኔ የቄሶቻችን የጸሎት ዜማ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ወይዘሮ ሪማ መጡ። ከሩሲያ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያኖ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ አፉላ ኢሊት በሚባለው ሰፈራችን ከጋሽ ዋሴ ሕንፃ አጠገብ ይኖራሉ። ጋሽ ዋሴ ጎንበስ ብለው የሴትዮዋን ቦርሳ እያዩ ያንን ዜማ ያንጎራጉራሉ። ወይዘሮ ሪማ ቦርሳቸውን ከፍተው እንደያዙ ቀጥ ብለው ቀሩ። ከዚያ ጋሽ ዋሴ ካቆሙበት ተቀብለው የቀረውን ዜማ እሳቸው ጨረሱት። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ይጮኻል፤ «እለፉ እንጂ! ምን ሆናችኋል?» ይላል። ሁለቱ አልሰሙም።

«ቭላሼክ!» አሉ ወይዘሮ ሪማ።

«ቭላሼክ» አሉ ጋሽ ዋሴ። «ሁለተኛው ክፍል። ክላርኔቱ ብቻውን የሚገባበት።»

ኦታካር ቭላሼክ ስሙ ብዙ የማይነሣ የቼክ አገር የሙዚቃ ደራሲ ነው። ዜማው ልጁን ከቀበረ በኋላ በጻፈው ሲምፎኒ ውስጥ ይገኛል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ ዋሴ ናቸው፤ በመጀመሪያው ትምህርቴ፣ በመጀመሪያው ሰዓት። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ።

ትምህርታችን የተጀመረው ዕቃ እየቆጠርኩ ስዘፍን ስለሰሙኝ ነው። ወደ ገንዘብ መቀበያው ጠጋ ብለው «አንቺ ልጅ፣ ድምፅ አለሽ። ጆሮ ግን የለሽም። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ሚክላት ነይ» አሉኝ። ሚክላት ለጦርነት ጊዜ የተሠራ የምድር ቤት መሸሸጊያ ነው። የሰፈራችን ሚክላት ሰላም በሆነበት ወቅት ለልዩ ልዩ ነገር ይውል ነበርና ቁልፉን ጠይቀው አስፈቅደዋል። ወይዘሮ ሪማ አሮጌ ኪቦርዳቸውን አመጡ። ጋሽ ዋሴ አንድ ሳንቲም ሳይቀበሉ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማሩኝ።

መምህርነታቸው ርኅራኄ አልነበረበትም። አንድ ቀን አንዲትን ሐረግ ብቻ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አዘፈኑኝ። አለቀስኩ። እሳቸው ግን «ስታለቅሺ ድምፅሽ ከፍ ይላል፤ ከመጀመሪያው ድገሚው» አሉ። ሌላ ጊዜ «ቆንጆ ድምፅ የሰነፍ ርስት ነው፤ አያርሰውም፣ አይዘራበትም፣ ይኮራበታል ብቻ» ብለውኛል። ያኔ ስድብ መስሎኝ ነበር። ስለ እኔ የተነገረ እውነት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሥራቸው ግን ልብ ያስደነግጥ ነበር። ሲምፎኒን ወደ ዘፈን እንዴት እንደሚያመጡት ላስረዳችሁ፤ እንደተባለው «መቅዳት» አልነበረምና። የፈረንጁ ዜማ በሰባት ድምፅ ይሄዳል፤ የእኛ ትዝታ በአምስት ነው። «ሁለቱን መጣል ማንም ይጥላል» ይሉ ነበር። «ሥራው፣ ሁለቱ የጎደሉበት ዜማ አካለ ስንኩል እንዳይሆን ማድረግ ነው።» ስለዚህ የተጣለው ድምፅ በነበረበት ቦታ ዜማው የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ይፈልጉለታል፤ አንዳንዴ ለአንዲት ድምፅ ሳምንት ይፈጃሉ። በዝግታ በአራት የሚቆጠረውን ወደ ችክችካ ምት ያዞሩታል። ሲምፎኒው ውስጥ ክላርኔቱ ጠይቆ ቀንደ መለከቶቹ የሚመልሱበትን ስፍራ አውጪና ተቀባይ አደረጉት። ፈረንጁ አንዱን ድምፅ ቀጥ አድርጎ የሚይዝበት ላይ እርግብግቢት አስገቡበት። ሲያልቅ ወይዘሮ ሪማ የፈረንጁን በኪቦርድ ይጫወታሉ፣ እኔ የጋሽ ዋሴን እዘፍናለሁ፤ ሁለቱ እንደ እኅትማማቾች ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያከብሩት ሕግ አንድ ነበር። «የሰው ዜማ ስትዘፍኚ ባለቤቱን ጥሪ። ከጠራሽው እንግዳ ተቀባይ ነሽ፤ ካልጠራሽው ሌባ ነሽ።»

ይህን ለይስሙላ አልነበረም የሚሉት። ልጃቸው በውትድርና ላይ የሞተባቸው እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ እናት በሰፈራችን አሉ። ጋሽ ዋሴ በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ቀን ክላርኔታቸውን ይዘው ቤታቸው ይሄዱና ያንን የቭላሼክን ዜማ፣ ምንም ሳይለውጡ፣ በዝግታ ይነፉላቸው ነበር። አንድ ዓመት አብሬያቸው ሄጃለሁ። እማማ ጥሩነሽ ዕንባቸውን ጠርገው «ዋሴ፣ ይህን ለልጄ ብለህ አወጣህለት?» ብለው ጠየቋቸው። አዎ ቢሏቸው ሴትዮዋ ምን ያህል በተጽናኑ! እሳቸው ግን «አይደለም እማማ፤ ቭላሼክ የሚባል ሰው ለራሱ ልጅ ያወጣው ነው። እኔ ተውሼው ነው» አሉ። እማማም «እንግዲያው ለእሱም ልጅ ነፍስ ይማር በለው» አሉ።

ሰውየው ይህ ነበር። ልጅ የሞተባትን እናት እንኳ በሐሰት አያጽናናም።

ትርንጎ ልታገባ በደረሰች ጊዜ ያንኑ ዜማ ወደ ሠርግ ዘፈን አመጡት። ግጥሙም የራሳቸው ነው፦

«ሸለቆው ለምልሞ አዝመራው ሲያፈራ፣
ልጄን ወሰዱብኝ በሠርግ ጭፈራ።»

በሠርጉ ላይ የዘፈንኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። ሽማግሌው፣ ወታደሩ፣ ዕብራይስጥ ብቻ የሚናገረው ወጣት ሳይቀር እስክስታ ወረደ። ወይዘሮ ሪማ ከጋሽ ዋሴ አጠገብ ተቀምጠው እየሳቁም እያለቀሱም ነበር። «ዋሴ፣ ይህን እኮ ለሞተ ልጅ ነው የጻፈው፤ እናንተ ትጨፍሩበታላችሁ!» አሏቸው በተሰባበረ ዕብራይስጥ። ጋሽ ዋሴም እኩል በተሰባበረ ዕብራይስጥ «ሐዘኑን የጨረሰ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?» ብለው መለሱላቸው። ያን ዕለት ሲስቁ አይቻቸዋለሁ።

በሠርጉ ኪቦርድ ይጫወት የነበረው ሽመልስ በሳምንቱ ፈልጎ አገኘኝ። ሽመልስ በየሠርጉ የሚጫወት፣ ዲስክም የሚያሳትም ሰው ነው። «ይህች ዘፈን ትሸጣለች፤ እንቅረጻት» አለኝ። ጋሽ ዋሴ ተስማሙ። ሽፋኑ ላይ የሚታተመውን በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ፤ «ዜማ፦ ከኦታካር ቭላሼክ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል የተወሰደ። ወደ ትዝታ ያመጣውና ግጥሙን የጻፈው፦ ዋሴ አዳነ» ይላል።

ሽመልስ አነበበውና ሳቀ። «ቭላሼክን ማን ያውቀዋል? የፈረንጅ ዜማ ነው ብለሽ ለአበሻ ሠርግ ልትሸጪ ነው? አውጪው ባክሽ።»

«እሳቸው ይቆጣሉ።»

«በእሳቸው ስም አይደል የምታደርጊው? ይኮሩበታል እንጂ ምን ይቆጣሉ!»

ማተሚያ ቤት የሄድኩት ብቻዬን ነው። ሠራተኛው «የቱ ነው የሚጻፈው?» ሲለኝ እስክሪብቶ ተቀብዬ የመጀመሪያውን መስመር ሰረዝኩት። የቀረው «ዜማና ግጥም፦ ዋሴ አዳነ» ሆነ። ሽመልስ አላስገደደኝም። እጄም የራሴ ነበር።

ጋሽ ዋሴ ዲስኩን ሲያዩት ፊታቸው አመድ መሰለ። «ይህ ሰው የት ሄደ?» አሉ። ስለ ቭላሼክ መጠየቃቸው መሆኑ ወዲያው አልገባኝም ነበር። ማተሚያ ቤቱ ተሳስቶ ነው አልኳቸው። «አስተካክሉት» አሉ። በሚቀጥለው ኅትመት ይስተካከላል አልኩ። ሁለተኛው ታተመ፤ አላስተካከልኩም። ሦስተኛውም እንደዚያው። በየጊዜው ይጠይቁኛል፤ በየጊዜው እዋሻለሁ። እስከዚያ ድረስ በየሠርጉ እየተጠራሁ ከገበያው ሥራ ለቅቄያለሁ፤ «ሸለቆው» ያልተዘፈነበት አዳራሽ አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በጆሯችሁ ሰምታችኋል። በአንድ የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት ላይ እንግዳ ሆኜ ተጋበዝኩ። አድማጮች ይደውላሉ፤ ያመሰግናሉ። ከዚያ ከሃይፋ አንዲት የሙዚቃ ተማሪ ደወለች። ልጅቱ ክፋት አልነበራትም፤ የገረማት ነገር ነበር የጠየቀችው። «ያኤል፣ ይህ ዜማ የቭላሼክ አይደለም ወይ? ትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ፤ ላሰማችሁ» አለችና በስልኩ አሰማች። የመጀመሪያዎቹን አራት ድምፆች እንደሰማ አዘጋጁ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።

«እንዴ፣ ራሱ ነው እኮ!» አለ። «ዲስኩ ላይ የዋሴ አዳነ ይላል። ይህን ማን አስጻፈው?»

እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ከፊቴ ያሉት ሠርጎች፣ ስሜ፣ ሁለተኛ ዲስኬ በዓይኔ ዞሩ።

«የራሴ ነው ብለው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው» አልኩ። «እኔም እንደ እናንተ ተታልያለሁ።»

ጋሽ ዋሴ በዚያች ሰዓት በገበያው በር ላይ ቆመው፣ የእኔን ቃለ ምልልስ ለመስማት ትንሽ ሬዲዮ ከጓደኛቸው ተውሰው ነበር። ይህን የነገረኝ ያው ጓደኛቸው ነው። «ሲሰሙ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሬዲዮውን ዘግተው መለሱልኝ፤ አመሰገኑኝም። ከዚያ ቀጣዩን ቦርሳ አዩ» አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ ልጅ ሲሉኝ የኖሩ ሰው በሩን እንደያዙ «ምን ፈለጉ?» አሉኝ። ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«የተናገሩት በሬዲዮ ነው። ይቅርታውንም በሬዲዮ ይጠይቁ።»

«እንደዚያ ካደረግኩ ማን ያዘፍነኛል? ጋሼ፣ እባክዎ ይረዱኝ…»

«እንግዲያው ደህና ይዋሉ» አሉና በሩን ዘጉ። አላጋጩትም፤ እንደ ወትሯቸው በቀስታ ዘጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ አራት ዓመት ሙሉ በመንገድ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋሉ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ሰላምታ ይልቅ ዱላ በመረጥኩ።

ጉዳዩ እኔን ጠቀመኝ። ሰው አዘነልኝ፤ «ምስኪን፣ ሽማግሌው አሞኛት» ተባለ። ዘፈኑም አልቆመም። ሽመልስ በየሠርጉ ማይክሮፎን ይዞ «አሁን ደግሞ የተሰረቀችውን እንስማ!» ይላል፤ ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል፤ እኔ እዘፍናለሁ፤ እናንተም ትጨፍራላችሁ። እኔም አብሬ የሳቅኩባቸው ቀናት አሉ።

ለእሳቸው ግን በሩ ሲኦል ሆነ። ወጣቶቹ ቦርሳቸውን ሲከፍቱላቸው «ጋሽ ዋሴ፣ የእኛን እርስዎ ይፈትሻሉ፤ የእርስዎን ማን ይፈትሽልን?» ይሏቸዋል። አንዱ ኪሱን ገልብጦ «ዜማ አልያዝኩም፤ ይዩልኝ» አላቸው። አዛውንቶቹ ደግሞ ቦርሳቸውን ሳያሳዩ በሌላው በር ይዞራሉ። እሳቸው ለሁሉም «ይለፉ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ወይዘሮ ሪማ ተቆጥተው ሬዲዮ ጣቢያ ሄጄ እመሰክራለሁ ሲሏቸው እንቢ አሏቸው። «ሁለት ዓመት ሙሉ በእጄ ያስተማርኳት ልጅ ያልመሰከረችልኝን የጎረቤት ምስክር አያቃናውም» ነው ያሉት።

በመጨረሻ አለቃቸው በሩ ላይ ግርግር በዝቷል ብሎ ወደ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ሰው ወደማይደርስበት መጋዘን አዛወራቸው። እዚያ የሚፈተሽ ቦርሳ የለም። አራት ክረምት በቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው የተዘጋ በር ጠበቁ። ሳላቸው የጀመራቸው እዚያ ነው። ወደዚያ የሚሄደውን አውቶቡስ ሲጠብቁም ነው የሞቱት።

በለቅሶው በሰባተኛው ቀን ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ትርንጎን ተከትዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ማተሚያ ቤቱን፣ ሬዲዮውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ አላቋረጠችም።

«ያን ሰሞን አባቴን ጠይቄዋለሁ» አለችኝ። «"አባዬ፣ እውነት ሰርቀህ ነው?" አልኩት። "የሚያውቀኝ አይጠይቀኝም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቴ መምጣት ተወ። የልጅ ልጁን እንኳ ከሩቅ ነው ያየው።» አንዱን ብርጭቆ አጥባ፣ አፉን ደፍታ፣ ሌላውን አነሣች። «ሌላው ይቅር። ይህን ጥያቄ አባቴን ያስጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ሂጂልኝ።»

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ወይዘሮ ሪማ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ወደ ቤታቸው አስገቡኝና አንድ ወፍራም ደብተር ፊቴ አኖሩ። ጋሽ ዋሴ በዚያ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው ሥራቸውን አላቋረጡም ነበር ለካ። ሲምፎኒ በሲምፎኒ፣ ዜማ በዜማ፣ ወደ ትዝታ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ አምባሰል አምጥተው ጨርሰዋል። በየገጹ ራስ ላይ የባለቤቱ ስም በጥሩ ጽሕፈት ተጽፏል። ከሥሩ «ለያልጋነሽ ድምፅ» የሚል ነበር። ያ ግን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ነው፤ ከመጣላታችን በፊት የተሠሩት ናቸው። በእነዚያ ሁሉ ላይ ስሜ በማስመሪያ ቀጥ ብሎ ተሰርዞ «ለማንኛዋም ሴት ድምፅ» ተብሎበታል። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች መሰረዝ አላስፈለጋቸውም።

አንዱን በልቤ አንጎራጎርኩት። ከ«ሸለቆው» ይበልጣል። እጄን ወደ ደብተሩ ስሰድ ወይዘሮ ሪማ ዘጉት።

«ላሳይሽ ነው እንጂ ልሰጥሽ አይደለም» አሉኝ። «እንድታውቂው ፈልጌ ነው። ዘፋኝ እየፈለግኩ ነው፤ አንቺ ግን አይደለሽም።»

በማግስቱ ወደዚያው የሬዲዮ አዘጋጅ ደወልኩ። በመጨረሻ ጋሽ ዋሴ ያሉኝን ላደርግ ነበር። እውነቱን በአየር ላይ ልናገር እፈልጋለሁ አልኩት። እስክጨርስ ሰምቶኝ «ያኤል፣ አራት ዓመት ያለፈው ወሬ ነው እኮ» አለኝ። «ሰውየውም ሞተዋል። አሁን ማን ይሰማዋል? አዲስ ዘፈን ካለሽ ግን በደስታ!» አለና ስልኩን ዘጋ። ሐሰቱን የተናገርኩበት ማይክሮፎን ለእውነቱ ጊዜ አጣ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ለእናንተ ላክሁት። ለምታውቋቸው ሁሉ አንብቡላቸው፤ በተለይ ቦርሳ እየከፈቱ ለቀለዱባቸው። እማማ ጥሩነሽንም ጠይቋቸው፤ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር፣ ሁሉንም ያስታውሳሉ። በነዚያ ዓመታት ግን ከመካከላችን እማማን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ዋሴ፣

እነሆ ሕዝቡ ይስማ፤ እርስዎ የማንንም ዜማ አልሰረቁም። የሰረቅኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ሁለት ሰው። የቭላሼክን ስም ከሽፋኑ ሰረዝኩ፤ የእርስዎን ስም ደግሞ በሰው አፍ አቆሸሽኩ። ያን ዘፈን ከእንግዲህ አልዘፍነውም፤ ግን ይህን እንደ መሥዋዕት አይቁጠሩልኝ፤ ዱሮም የእኔ አልነበረም።

ይቅርታ ግን አልጠይቅዎትም። በሕይወት ሳሉ የት ሄጄ፣ በምን ቃል እንደምጠይቅ በደጃፍዎ ቆመው ነግረውኝ ነበር፤ ፈርቼ ተመለስኩ። ዛሬ እንቢ ማለት በማይችሉበት ሰዓት መጥቼ ይቅር ይበሉኝ ብል፣ ያልሰጡኝን መውሰድ ይሆናል። ከእርስዎ የወሰድኩት ይበቃኛል። በሩን እንደዘጉት ይቆይ።

ደህና ይረፉ፣ መምህሬ።